ክኒኑን ተውትና መርፌውን ውጉኝ

አጎቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ሕመሙ ሲጠናበት ሰፈራችን ውስጥ ወዳለች ክሊኒክ ጎራ አለ። የመረመረው ባለሙያ ክኒን ሊያዝለት ሲል፣ «ክኒንማ ቤትም አለኝ፤ መርፌ ውጉኝና ነገ ሥራ ልግባ» አለው። ይህን የነገረን ራሱ ነው፣ ያውም እየሳቀ።

የታዘዘለት ዳይክሎፌናክ ነበር። ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ሱሪውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቆሞ ተወጋ። መርፌው ሲገባ ከመቀመጫው እስከ እግሩ ጣት ኤሌክትሪክ እንደያዘው ነዘረው። ጮኸ? አልጮኸም። መርፌ ያው ያማል ብሎ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። መድኃኒቱም ተገፍቶ አለቀ።

በማግስቱ የግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማንሳት አቃተው። ሲራመድ ነጠላ ጫማው እየወለቀ ከኋላው ይቀር ነበር፤ እሱም ሳይታወቀው ጥቂት ርምጃ ሄዶ ይመለስለታል። ክላች መርገጥማ የማይታሰብ ሆነ። በኋላ ያየው የነርቭ ሐኪም ነገሩን ግልጽ አደረገለት፦ መርፌው ሲያቲክ የተባለውን ነርቭ ነክቷል። ከታችኛው የጀርባ አጥንት ተነስቶ፣ በመቀመጫችን ውስጥ አልፎ እስከ እግር የሚወርድ፣ ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ትልቁ ነው። አጎቴ በፊዚዮቴራፒ ሰባት ወር ተመላለሰ። ሰባት ወር ሙሉ መኪናውን ሌላ ሰው ነዳው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ መርፌ ይዤ አላውቅም። ግን ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነርስ የሆነች ጓደኛዬን ቡና ጋብዤ በጥያቄ አጨናነቅኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ቆሞ ነው የተወጋው?» ብላ ነው። አዎ ስላት ራሷን ነቀነቀች።

ቆሞ ያለ ሰው ጡንቻው የተወጠረ ነው አለችኝ። በሆድ ወይም በጎን መተኛት ጡንቻውን ያላላዋል፤ ታማሚው ራሱን ቢስት እንኳ አይወድቅም። የሱሪው ነገር ደግሞ ከሁሉም ያስገርማል። በተለምዶ መቀመጫ ላይ ሲወጋ፣ አንዱን ጎን በሐሳብ አራት ቦታ ከፍሎ የላይኛውን የውጭ ክፍል መምረጥ ነው ደንቡ። ነርቩ ያለው ከዚያ በታችና ወደ ውስጥ ነው። «ሱሪው ግማሽ ብቻ ዝቅ ካለ አራቱን ከየት እስከ የት ትከፍለዋለህ? የሚታይህን ነው የምትከፍለው» አለችኝ። ሐፍረታችን ራሱ ለአደጋው እጁን ያበድራል ማለት ነው።

ከዚህ የተሻለ ቦታ እንዳለም ነገረችኝ፦ የዳሌ ጎን። እዚያው ካፌ ውስጥ አስነስታ አሳየችኝ፤ ሰው እንዴት እንዳየን አትጠይቁኝ። የግራ ዳሌ ከሆነ የቀኝ እጇን መዳፍ በጭኑ ላይኛ ጫፍ ጎልቶ በሚዳሰሰው አጥንት ላይ ታሳርፋለች። አውራ ጣቷ ወደ ብሽሽት ያመለክታል። ጠቋሚ ጣቷን ከፊት ወደሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጫፍ ትልከዋለች፣ የመሐል ጣቷን ወደ ኋላ ትከፍታለች። በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ባላ የመሰለ ቦታ ነው የሚወጋው። ጡንቻው ወፍራም ነው፤ ትልልቅ ነርቭና የደም ሥር በአቅራቢያው የለም። ታዲያ ለምን ሁሉም እዚያ አይወጋም? «መቀመጫ ላይ መውጋት ስለለመድን» አለች። ላልተራመደ ሕፃን ግን መቀመጫው ላይ አይወጋም፤ ለእሱ የጭኑ የውጭ ጎን ነው የሚመረጠው። ክንድ ላይም ትንሽ መጠን ያለው መድኃኒት እንጂ እንደ ዳይክሎፌናክ ሦስት ሚሊ ሊትር አይገፋም።

የቀረውን በአጭሩ ላስቀምጠው። ስሪንጁና መርፌው አዲስ ሆነው እፊታችሁ መከፈት አለባቸው። ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ በኋላ እስኪደርቅ ይጠበቃል። መርፌው ቀጥ ብሎ፣ ዘጠና ዲግሪ፣ ይገባል፤ አጭር ከሆነ መድኃኒቱ ጡንቻ ሳይደርስ ስብ ውስጥ ይቀራል። ፈሳሹ በዝግታ ይገፋል። ካለቀ በኋላ መርፌው ክዳኑ ሳይመለስለት ቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ነው። ክዳን ሲመልሱ ነው ብዙ ባለሙያዎች ራሳቸውን የሚወጉት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ካለበት ሰው የወጣ መርፌ ያልተከተበን ባለሙያ ቢወጋው፣ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ለኤችአይቪ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ኤችአይቪን ፈርተን ሄፓታይተስን መርሳታችን አይገርምም?

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ይህ ነው፦ ሲወጋ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ እግር የሚወርድ ንዝረት ከተሰማ ወዲያው «አቁሚ!» ማለት ያስፈልጋል። መርፌው ይወጣል፣ መድኃኒቱ አይገፋም። አጎቴ ያንን አንድ ቃል አላወጣም። እኛ ቤት መርፌ ሲወጉ ዝም ማለት ጀግንነት ነው፤ ከልጅነታችን «ጎበዝ፣ አላለቀሰም» እየተባልን ነው ያደግነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሕክምና እንደ ሌላው ገበያ እንደማይሠራ አስረድቷል። ገዢው የሚገዛውን ጥራት አያውቅም፣ ሻጩ ያውቃል፤ ስለዚህ ገበያው በእምነት ላይ ይቆማል። መርፌ ላይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። የማያውቀው ገዢ ያዛል፣ የሚያውቀው ሻጭ ይታዘዛል። ለምን አይታዘዝ? ክኒን ካዘዘ ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ ይሄዳል። መርፌ ከወጋ ግን የመድኃኒቱ፣ የስሪንጁና የመውጊያው ዋጋ እዚያው ይቀራል። እንቢ ካለም ታማሚው «ምንም አላደረጉልኝም» ብሎ ቀጣዩ ክሊኒክ ይገባል። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ደግሞ «መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚባል ነገር አለ። አጎቴም ይላል። ይነካል! ዳይክሎፌናክ በአፍም ግባ በመቀመጫ፣ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ጨጓራንም ኩላሊትንም ያገኛቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በመርፌ ደኅንነት ላይ ዘመቻ ሲጀምር፣ በዓመት 16 ቢሊዮን ያህል መርፌ በዓለም ላይ እንደሚወጋ ገልጾ ነበር። ከዚያ ውስጥ ክትባት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቀረው ብዙው በክኒን ሊተካ የሚችል ነበር።

መርፌ ፍሩ እያልኩ አይደለም። የልብ ቫልቯ በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ አንዲት የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ፤ በየወሩ የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው ልቧን ከተጨማሪ ጉዳት የሚጠብቅላት። እሷን «ክኒን ይሻልሻል» ማለት ክፉ ምክር ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወስዱም አላችሁ፣ ቀጥሉ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ግን ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ፤ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል።

እኔ ራሴ ቅርብ ጊዜ ታምሜ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። መርፌ ሲታዘዝልኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሲስተር፣ ይሄ በክኒን አይሆንም?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሆናል እኮ! እናንተ ናችሁ ካልተወጋን የምትሉት» አለችኝ። ሐኪሙን ጠይቃ አስቀየረችልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አጎቴ አሁን ወደ መሪው ተመልሷል። እግሩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ነጠላ ጫማ ትቶ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ነው የሚያደርገው። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለልኝ። ወገቡ ተነስቶበታል።

«ስማ፣ ይሄ ክኒን ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«ከምግብ ጋር ነው ጋሼ።»