ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ ከመርሐ ቤቴ እስከ ጃፓን

ዓለም ከተማ የምትገኝበት የመርሐ ቤቴ አገር በ1870 ዓ. ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አስገኝቷል። በደራሲነታቸው ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን የቤተ ክህነት ተማሪ የነበሩት ሰው እንዴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን እንደ በቁ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚያን ዘመን መልእክተኛ ሥራውን የሚማረው በመላክ ነበር። ኅሩይም በ1903 ዓ. ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን፣ በ1911 ዓ. ም. ከደጃዝማች ናደው ጋራ ወደ አሜሪካ፣ በ1916 ዓ. ም. ራስ ተፈሪን ተከትለው ወደ አውሮፓ ሄደዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው በ1924 ዓ. ም. ወደ ጃፓን ያደረጉት ጉዞ ነው። በ1923 ዓ. ም. የቆመው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የ1881 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርጎ ነበር። ነፃነቷን ጠብቃ የሠለጠነች አገር በመሆኗም ብዙ ተስፋ ተጥሎባት ነበር። ኅሩይ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ገለጹ።

ይሁን እንጂ ኢጣልያ በ1928 ዓ. ም. በወረረችን ጊዜ ጃፓን አልደረሰችልንም። በ1929 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለውጣ ወረራውን ተቀበለች፤ ኢጣልያም በፈንታው በማንቹሪያ ቆንስላ ከፈተች።

ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው በመስከረም 1931 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ። ከዚህም ሌላውን አገር ማድነቅና በእርሱ መተማመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንረዳለን። ሆኖም ጥረታቸው ከንቱ አልቀረም፤ የውጭውን ዓለም በአማርኛ የገለጹባቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይነበባሉ።