ወታደሩ ፕላስቲክ፣ ዕዳው እውነተኛ

አሜሪካዊው የኮሚክ መጽሔት አከፋፋይ ስቲቭ ጌፒ በ2003 አንድ አሻንጉሊት በ200 ሺህ ዶላር ገዙ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ የለበሰው የወታደር ልብስ በእጅ የተሰፋ ነው። ሃስብሮ የተባለው የመጫወቻ አምራች በ1964 “ጂ.አይ. ጆ” ብሎ ለገበያ ያወጣው ወታደር የመጀመሪያ ናሙና ነበር። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ጌፒ በ1982 ያቋቋሙት ዳይመንድ የተባለ የማከፋፈያ ድርጅት ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ሰው ስም መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው። የወታደር አሻንጉሊትና የኮሚክ ሰብሳቢዎችን ገበያ ለማየት ግን ጥሩ መስኮት ይከፍታሉ። ሰብሳቢዎች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው፤ ገበያውን ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዕቃው ባይሸጥ ማን ይከስራል?

ታሪኩ ራሱ የተጀመረው በዚሁ ጥያቄ ነው። ስታን ዌስተን የተባሉ የኒውዮርክ የንግድ ወኪል በ1963 አንድ ሐሳብ ይዘው ወደ ሃስብሮ ሄዱ፤ ልብሱና ትጥቁ የሚቀያየር፣ ለወንድ ልጆች የሚሆን ወታደር። ባርቢ በ1959 ከወጣች ወዲህ ትልቁ ገንዘብ ያለው ከአሻንጉሊቷ ይልቅ በልብሶቿ ላይ መሆኑን የመጫወቻ ነጋዴ ሁሉ አይቷል። ዌስተን ከሽያጭ ድርሻ ይዘው መጠበቁን ትተው 100 ሺህ ዶላር አንዴ ተቀብለው ወጡ። ቢከስር የሃስብሮ፣ ቢያተርፍም የሃስብሮ ሆነ። አተረፈ። የኩባንያው የፈጠራ ኃላፊ ዶን ሌቪን ያሠሩት ናሙና ብቻውን ከአርባ ዓመት በኋላ የዚያን ክፍያ እጥፍ አወጣ።

ሃስብሮ ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም የሚለውን ሥጋት ለማምለጥ “አክሽን ፊገር” የሚል አዲስ ስም ፈጠረ። ይህ ስም በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ይከተለዋል። የሰው ገላ ደግሞ የማንም ንብረት ሆኖ ስለማይመዘገብ፣ አስመስለው የሚሠሩትን ለመያዝ የወታደሩ ጉንጭ ላይ ጠባሳ ተደረገ። ዛሬ ሰብሳቢ አሮጌ ጆ ሲገዛ ዓይኑን መጀመሪያ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ጠባሳ ነው።

ቀጥሎ ክፉ ዘመን መጣ። በቬትናም ጦርነት የተማረረ ወላጅ ለልጁ ወታደር መግዛት ሲጠላ ኩባንያው ጆን ትጥቁን አስፈትቶ ጀብደኛ አሳሽ አደረገው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ ያስወጣው የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንረት የፕላስቲክ ዋጋንም ይዞ ወጣ፤ ፕላስቲክ የነዳጅ ልጅ ነውና። ትልቁ ጆ በ1976 ከምርት ወጣ። 20 ሴንቲ ሜትር ግድም ሆኖ የተተካው ታናሹም ብዙ አልቆየ።

በ1982 ሲመለስ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ተፎካካሪው ኬነር በስታር ዋርስ ፊልም ትንንሽ አሻንጉሊቶች የሠራው ሥራ ትምህርት ሆኖ ነበር፤ ወታደሩ ሲያንስ ፕላስቲኩ ይቀንሳል፣ የሚገባበት ታንክና አውሮፕላንም በልጅ መኝታ ቤት ልክ ይሠራል። ከዚህ የበለጠው ብልሃት ግን ማስታወቂያው ላይ ነበር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን የመጫወቻ ማስታወቂያ ውስጥ የሚገባውን የካርቱን ሥዕል በሰከንዶች ይገድብ ነበር፤ ልጁ በሥዕሉና በዕቃው መካከል ያለው ልዩነት እንዳይጠፋው። የኮሚክ መጽሔትን በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቅ ስላልነበረ ለኮሚክ የተጻፈ ገደብ አልነበረም። ሃስብሮ ማርቭል በሚያሳትመው የጂ.አይ. ጆ ኮሚክ ስም በካርቱን የተሞላ ማስታወቂያ ከፍሎ አሳየ። በወረቀቱ የተጠራው ልጅ ፕላስቲኩን ገዛ።

የዚያ ኮሚክ ደራሲ ላሪ ሃማ ራሳቸው በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ናቸው፤ በአሻንጉሊቶቹ ማሸጊያ ጀርባ የታተመውን የእያንዳንዱን ወታደር የሕይወት ታሪክም ጽፈዋል። ማርቭል እስከ 1994 ድረስ 155 ቁጥሮች አወጣ። በታሪኩ ከሁሉ የተወደደው ስኔክ አይስ ነው፤ ፊቱን የሸፈነ፣ የማይናገር፣ ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር። ጥቁር የሆነው ግን የቀለም ወጪ ለመቆጠብ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ወታደሮች አንዱ ምንም ቀለም ሳይቀባ በጥቁር ፕላስቲክ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ምሥጢሩንና ዝምታውን ደራሲው ጨመሩበት። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከቆጠባት ሳንቲም እንዲህ ያለ ጀግና ሲወለድ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ታዲያ እነዚህ ዕቃዎች ዛሬ ለምን ተወደዱ? ልጆች ስለሰበሯቸው ነው። በ1985 ገበያ ላይ የወጣው ዩኤስኤስ ፍላግ የተባለ የጦር መርከብ መጫወቻ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ዋጋው ያኔ 110 ዶላር ግድም ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ይቀመጣል? ወንድምና እህት ወጡበት፣ ትንንሽ አካላቱ ጠፉ፣ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ተጣለ። ከነሙሉ አካሉና ከነካርቶኑ የተረፈው ጥቂቱ አሁን በሺዎች ዶላር ይሸጣል። በ2024 በጨረታ 525 ሺህ ዶላር ያወጣው የስታር ዋርስ ቦባ ፌት ናሙናም የሚወነጨፈው ሮኬቱ ሕፃናትን ያንቃል ተብሎ ስለተፈራ ጨርሶ ለገበያ ሳይቀርብ የቀረ ነው።

ማንም ለነገ ብሎ ያላስቀመጠው ዕቃ ተወደደ፤ ሁሉም ለነገ ብሎ ያስቀመጠው ረከሰ። በ1991 የወጣው አዲሱ የኤክስ-ሜን ቁጥር 1 ኮሚክ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ብዙው ገዢ አንባቢ አልነበረም፤ ነገ ይወደዳል ብሎ አምስቱን የተለያዩ ሽፋኖች በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ነው። ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬም በየቦታው ይገኛል፤ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ነው። ያ ግርግር ሲበርድ ሱቆች ተዘጉ፣ ማርቭል ራሱ በ1996 መጨረሻ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

አምራቹ ከዚህ ሁሉ የተማረው ትምህርት ኪሳራውን ወደ ገዢው ማሻገር ነው። ሃስብሮ በ2018 ሃስላብ የሚል አሠራር ጀመረ። ኩባንያው የአንድ ትልቅ ዕቃ ሥዕል ያወጣል፣ ስንት ሰው ካዘዘ እንደሚያመርተው ይናገራል፣ ቁጥሩ ካልሞላ ምርቱም ክፍያውም ይቀራል። የመጀመሪያው ከስታር ዋርስ የተወሰደ የጃባ መርከብ ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር፣ የተፈለገው 5 ሺህ ገዢ፣ የመጣው 8,810። ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ አንድም መርከብ መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ተያዘ። ጂ.አይ. ጆም ተከተለ፤ በ2021 ስካይስትራይከር አውሮፕላን፣ በ2022 ሂስ የተባለው ታንክ። ሁለቱም የ1983 ዕቃዎች ናቸው፤ ገዢዎቹም በአብዛኛው የ1983 ልጆች።

አዲስ አበባ ውስጥ መሠረቱ ያልተቆፈረ አፓርታማ ላይ ቅድሚያ የከፈለ ሰው ይህን ንግድ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ልዩነቱ መርከቡ በዓመት ከምናምን ደጃፉ መድረሱ ነው።

በቀላሉ ማሻገር የማይቻለው ወጪ ከመንግሥት ይመጣል። በአሜሪካ የቀረጥ ሕግ “አሻንጉሊት” የሰው ምስል ሲሆን “መጫወቻ” ሌላው ሁሉ ነበር፤ ቀረጡም ይለያይ ነበር። በአማርኛ አሻንጉሊት ስንል ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስለምንል ጠቡ አይገባን ይሆናል። ለልጆች “አሻንጉሊት አይደለም” ብሎ የሸጠው ሃስብሮ ለጉምሩክም እንዲሁ ብሎ ተከራከረ፤ በ1989 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጆ አሻንጉሊት ነው ብሎ ፈረደ። የኤክስ-ሜን ምስሎችን የሚያስመጣው ቶይ ቢዝ የተባለ ኩባንያ በ2003 በተመሳሳይ ክርክር ቀናው። ዳኛ ጁዲት ባርዚላይ ኤክስ-ሜን ሰው ስላልሆኑ አሻንጉሊት ሊባሉ አይችሉም፣ ቀረጣቸውም 12 ሳይሆን 6.8 በመቶ ነው አሉ። ገጸ ባሕርያቱን ሰው ናቸው ብለው የወደዱ አንባቢዎች በፍርዱ አዘኑ። ሙግቱ ስለ አሮጌ ጭነት ነበር፤ አሜሪካ የመጫወቻ ቀረጥን ከ1995 ጀምሮ አንስታ ነበርና።

ያ ነፃነት በ2025 አበቃ። በቻይና ዕቃ ላይ የተጣለው ተጨማሪ ቀረጥ በኤፕሪል 145 በመቶ ደረሰ፣ በሜይ ወደ 30 ወረደ። ያኔ ሃስብሮ በአሜሪካ ከሚሸጠው መጫወቻ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከቻይና ነበር። ቀረጡን ወደብ ላይ የሚከፍለው አስመጪው ቢሆንም፣ ለማን እንደሚያሸክመው የሚወስነው ጉልበቱ ነው። ትልቁ ኩባንያ ፋብሪካውን ቅናሽ ይጠይቃል፣ ምርቱን ወደ ሌላ አገር ያዞራል፣ ዋጋ ይጨምራል። የሰፈር ሱቅ ግን መጨመር ብቻ ነው የሚችለው። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው በርም ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ በሜይ፣ ለሌላው ዓለም በኦገስት ተዘጋ። ሆንግ ኮንግ ደግሞ በወታደር አሻንጉሊት ሥራ የጀመረው ሆት ቶይስ አገር ናት፤ ባለ 30 ሴንቲ ሜትሩን ወታደር የሚወዱ ሰብሳቢዎች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደዚያ ነው።

ወደ ጌፒ ድርጅት እንመለስ። ዳይመንድ ለዓመታት የአሜሪካን የኮሚክ ሱቆች ብቻውን ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሲመግብ ኖሯል። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ግን ዲሲ በ2020፣ ማርቭል በ2021 ጥለውት ሌላ አከፋፋይ ያዙ። የቀሩት ብዙዎቹ ትንንሽ አሳታሚዎች ነበሩ፤ ዕቃቸውን በአደራ መጋዘኑ ያስቀምጡ፣ ሲሸጥ ይከፈላቸው ነበር። ድርጅቱ ሲወድቅ ያን የአደራ ዕቃ ሸጦ ለአበዳሪዎች እንዲከፍል መጠየቁ ከአሳታሚዎቹ ጋር ፍርድ ቤት አገናኘው። መጽሔቱን ያሳተሙት ሰዎች የራሳቸውን ንብረት ለማስመለስ ጠበቃ ቀጠሩ።

ጂ.አይ. ጆ ኮሚክ ግን አልቆመም። ማርቭል የተወው ቁጥር አይ.ዲ.ደብሊው በተባለ አሳታሚ በ2010 ቀጥሎ በ2022 መጨረሻ 300 ደረሰ፤ ስካይባውንድ የተባለ ሌላ አሳታሚ በኖቬምበር 2023 ከ301 ጀመረ፤ ጸሐፊው ያው ላሪ ሃማ ናቸው። አሮጌዎቹን ትንንሽ ወታደሮች የያዘ ሰብሳቢ ደግሞ ሌላ ወጪ አለበት። የላይኛውንና የታችኛውን ገላ አያይዞ የሚያቆመው በውስጥ ያለ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው፤ በአርባ ዓመት ይደርቅና ይበጠሳል፣ ወታደሩም ወገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ቀለበቱ አሁን በከረጢት እየተቆጠረ ይሸጣል።