የግላይደር ክለቦችና ወጣቶቻቸው

በጀርመን የ14 ዓመት ልጅ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። ሞተር አልባውን አውሮፕላን፣ ግላይደርን፣ ግን አሰልጣኙ «ደርሰሃል» ካለው ብቻውን ይዞ ሊነሳ ይችላል። በ16 ዓመቱ ደግሞ የአብራሪነት ፈቃድ ያወጣል። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደንብ ለሌሎቹም አባል አገሮች ያስቀመጠው ይህንኑ ዕድሜ ነው። በአሜሪካም እንዲሁ ነው፤ ብሪታንያም ቀድሞ 16 የነበረውን ወደ 14 አውርዳዋለች። በሩ እንዲህ ተከፍቶ ሳለ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በብዙ አገሮች የክለቦቹ አባላት ቁጥር ቀንሷል፣ የቀሩትም አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው።

ግላይደር ከመሬት የሚነሳው በሌላ ኃይል ተስቦ ነው። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት ዊንች ሲሆን፣ ከሜዳው ጫፍ የቆመ ብርቱ ሞተር ረጅም ገመድ እየጠቀለለ አውሮፕላኑን ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ አብራሪው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ሽቅብ የሚወጣውን አየር ይፈልጋል። በደጋው ሰማይ ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ ከፍ ሲል ያየ ሰው ጥበቡን አይቶታል።

ስፖርቱ ከመነሻው የወጣቶች ነበር። የቬርሳይ ውል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የሞተር አውሮፕላን ሥራ ላይ እገዳ ሲጥል፣ ኦስካር ኡርሲኑስ የተባለ መሐንዲስና የመጽሔት አዘጋጅ በ1920 እ.ኤ.አ. ቫሰርኩፐ በተባለው 950 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ የግላይደር ውድድር ጠራ። ከመጡት ብዙዎቹ በእጃቸው የሠሯቸውን አውሮፕላኖች የተሸከሙ ተማሪዎች ነበሩ። የናዚ መንግሥት ግን በ1930ዎቹ ክለቦቹን ጠቅልሎ ያዘና የታዳጊዎቹን የበረራ ፍቅር ለጦርነት ዝግጅት አዋለው። ከሽንፈቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን ግላይደር ማብረር እንደገና የተፈቀደው በ1951 ነው። ወጣት መሰብሰብ በራሱ መልካም ሥራ እንዳልሆነ፣ ለምን እንደሚሰበሰብም መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ በስፖርት ዓለም ጥቂት ነው።

ወጣትን በማቆየት ረገድ እስከ ዛሬ የሚያስቀናኝ የጀርመን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ቡድኖች አሠራር ነው። አካፍሊግ ይባላሉ። የዳርምሽታቱ በ1920 ተቋቁሟል። አባላቱ ግላይደር ራሳቸው ይነድፋሉ፣ በወርክሾፓቸው ይሠራሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ያበራሉም፤ የሚበርም ሰው አስቀድሞ በወርክሾፕ መሥራት አለበት። በ1957 ከሽቱትጋርት ቡድን የወጣው ፊኒክስ በዓለም የመጀመሪያው የፋይበርግላስ ግላይደር ነበር። በ1964 ደግሞ የዳርምሽታት ተማሪዎች ዲ-36 የተባለችውን አበረሩ። ከንድፉ ባለቤቶች መካከል ቮልፍ ሌምከ፣ ጌርሃርድ ቫይበልና ክላውስ ሆሊግሃውስ ይገኙበታል። ሦስቱም ከትምህርት በኋላ ወደ ሦስት ፋብሪካዎች ተበታትነው ለአሥርተ ዓመታት የዓለም አብራሪዎች የተወዳደሩባቸውን ግላይደሮች ነደፉ። እነዚህን ልጆች ያቆያቸው የመብረር ደስታ ብቻ አይመስለኝም። ትልቅ ሥራ አምኖ የሰጣቸው ሰው ነበር፤ እኩዮቻቸውም አጠገባቸው ነበሩ።

የተራ ክለብ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ተቃራኒ ላይ ነው። አንድ ታዳጊ በሙከራ በረራ ተማርኮ ይመዘገባል። በአውሮፓ ደንብ ለፈቃድ ቢያንስ 15 ሰዓት ሥልጠናና 45 መነሳትና ማረፍ ይጠበቅበታል። ሽቅብ አየር ካልተገኘ ግን ከዊንች የሚነሳ የልምምድ በረራ አምስት ስድስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ውሎ ገመድ ይጎትታል፣ ክንፍ ይይዛል፣ አውሮፕላን ይገፋል፤ ሁለት ሦስቴ ቢበር ዕድለኛ ነው። ሜዳው ከከተማ ውጭ ስለሆነ አድራሹ ወላጅ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚያስተምሩት አሰልጣኞችም በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። አጠገቡ እኩያ ካለ ቀኑ ጨዋታ ይሆናል፤ ብቻውን ከአያቶቹ እኩዮች ጋር ከዋለ ግን በሚቀጥለው በጋ አይመለስም። ሴት ልጆች ላይ ይህ ይበረታል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ አንዷ ስትቀር የምትቀጥለዋ ብቻዋን ትሆናለች።

ወጣቶች የሚያመልጡበት ሁለተኛው ቀዳዳ ለብቻ ከበረሩ በኋላ ይመጣል። ያ ቀን በአበባና በፎቶ ይከበራል፤ በማግስቱ ግን ወጣቱ ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቀው የሚነግረው አያገኝም። ብልህ ክለቦች እዚህ ላይ የዓለም አቀፉን የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የብር ባጅ ያሳዩታል፦ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ 5 ሰዓት በአየር ላይ መቆየት፣ 1,000 ሜትር ከፍታ መጨመር። ልምድ ያለው አብራሪም በሁለት መቀመጫው ግላይደር ይዞት ራቅ ብሎ ይጓዛል። ከሜዳው አድማስ ውጭ አንድ ጊዜ የወጣ ልጅ ስፖርቱ ምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። ለጎበዞቹ ደግሞ ዕድሜያቸው እስከ 25 የሆኑ የሚወዳደሩበት የዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና አለ፤ የመጀመሪያው በ1999 በኔዘርላንድ ቴርሌት ተካሂዷል። ሦስተኛው ቀዳዳ ዩኒቨርሲቲና ሥራ ነው። እዚህ ላይ ክለብ የሚያደርገው ብዙ የለውም፤ መዋጮውን ቀንሶ በሩን ክፍት መተው ግን ይችላል።

ገንዘብስ? ዊንች በአውሮፕላን ተጎትቶ ከመነሳት እጅግ ይረክሳል፤ በኒውዮርክ ኤልማይራ የሚገኘው የሃሪስ ሂል ክለብም ታዳጊ አባላቱ በሜዳ ሥራ እያገለገሉ እንዲማሩ ያደርጋል። መንግሥት ሲደግፍ ደግሞ ብዙ ልጅ በአንዴ ይደርሳል፤ የካናዳ የአየር ካዴቶች ፕሮግራም ለዚህ ምስክር ነው። ደጋፊው ሲያቆም ግን ሁሉም ይቆማል። ብሪታንያ በ2014 የካዴቶቿን ግላይደሮች በአየር ብቁነት ጥርጣሬ ከበረራ ስታግድ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ታዳጊዎች ዕድሉ አመለጣቸው። ስለዚህ ክለቦች የራሳቸውን የወጣት ቡድን በራሳቸው ሊያቆሙ ይገባል እላለሁ። ቡድኑን ራሳቸው ወጣቶቹ ይምሩት፤ የበጋ ካምፑን ያዘጋጁ፤ በክረምት ጥገናው ላይ መጥረጊያ ብቻ ሳይሆን መፍቻም ይሰጣቸው።

በግላይደር የተገኘ ችሎታ በትልቅ አውሮፕላንም ይጠቅማል፤ በ1983 ነዳጅ ያለቀበትን የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ጊምሊ ላይ ተሳፋሪዎቹን አትርፎ ያሳረፈው ካፒቴን ቦብ ፒርሰን ግላይደር አብራሪ ነበር። በጀርመን፣ በብሪታንያና በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ አብራሪ እሆናለሁ የሚል ልጅ ካላችሁ ውዱን የበረራ ትምህርት ቤት ከማሰባችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን ክለብ ጠይቁ። ስትጠይቁም የክፍያውን መጠን ብቻ አትጠይቁ፤ በዕድሜው ስንት ልጆች እንዳሉና ምን ሥራ እንደሚሰጣቸው ጠይቁ።