ጊታርን እንደ ቤዝ የሚያሰማው ኦክታቭ ፔዳል እንዴት ይመረጣል?

የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ጊዜ። ኦክታቭ ፔዳል የመጀመሪያውን በግማሽ ቀንሶ ወደ ሁለተኛው ያወርደዋል። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ቤዝ ተጫዋች ሳያገኝ ለሚለማመድ ጀማሪ ባንድ ሁነኛ መላ ነው። «የትኛውም ኦክታቭ ፔዳል ያው ነው» የሚለው ግን ስህተት ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደወጣው ቦስ ኦሲ-2 ያለ አናሎግ ፔዳል በአንድ ጊዜ የሚከተለው አንድ ኖታ ብቻ ነው። ሁለት ክር አብሮ ሲነካ ወይም ያለፈው ኖታ ሳይታፈን ቀጣዩ ሲመታ ድምፁ ይንተባተባል። የቤዝ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ኖታ ስለሆነ፣ እጁ ጥንቁቅ ለሆነ ተጫዋች ይህ በቂ ነው፤ ድምፁም ወፍራም ነው። ፖሊፎኒክ የሚባሉት፣ ለምሳሌ ፖግ፣ ኮርድም ይከተላሉ። እንዲህ ያለ ዲጂታል ፔዳል ግን ሊዘገይ ይችላል፤ በፈጣን ችክችካ ላይ ትንሽ መዘግየት እንኳ ከድራሙ ያስወጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በወፍራሙ ክር ላይ ችክችካ ተጫውቶ መሞከር ይበጃል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ስፒከሩን ነው። የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ በሚገባ አያወጣም፤ የቤዝ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል። የጊታሩ ዋና ድምፅ በፔዳሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ወደ አንገቱ የቀረበው ፒክአፕ ይመረጣል፣ የቶን ማዞሪያው ዝቅ ይላል፣ ክሩም በአውራ ጣት ይመታል። ዲስቶርሽን ካለ ከኦክታቩ በኋላ ይገባል።

ለልምምድና ለትንሽ መድረክ ይህ ይበቃል። ለስቱዲዮ ቀረጻ ግን እውነተኛ ቤዝ መከራየት ይሻላል፤ የረጅምና ወፍራም ክር አመታት በፔዳል አይገኝም። ጥያቄ ያለው አንባቢ የፔዳሉንና የአምፕሊፋየሩን ስም ጠቅሶ ይጻፍ።