የልብ ዕረፍት

ልጆች ሆይ፤ ጭንቀት ምንድር ነው? ጭንቀት ገና ያልመጣውን የነገን ሸክም ዛሬ መሸከም ነው።

በአቃቂ ዙሪያ ባለው ዋልካ መሬት ጤፍ የሚዘራውን ገበሬ ተመልከቱ። እርሻውን ደጋግሞ ያርሳል፤ በሐምሌ ይዘራል፤ አረሙን ይነቅላል። ዝናሙን ግን ሊያዘንም፥ ውርጩንም ሊከለክል አይችልም። ሌሊቱን በሐሳብ ቢያነጋ አንዲት ቅንጣት ስንኳ አይጨምርም። ስለዚህ የእጁን ሥራ ፈጽሞ የቀረውን ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሰነፍ ሳይዘራ ይተኛል፥ አማኝ ግን ዘርቶ ይተኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 4 እንዳይጨነቁ፥ ይልቁንም እያመሰገኑ እንዲጸልዩ መከራቸው። ይህንንም የጻፈው ደልቶት ሳይሆን ታስሮ ሳለ ነው። እስራቱ ወዲያው አልተፈታለትም፤ ልቡ ግን ዐረፈ።

እናንተም ትምህርታችሁን አጥኑ፤ ጸልዩ፤ ከዚያም በሰላም ተኙ።