ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ ጋፋት

የደብረ ታቦር መጽሐፍ ነጋዴ ሱቅ አይከራይም። ከመንገዱ ዳር አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ያነጥፍና ሸቀጡን በሦስት ወገን ይደረድራል። በአንደኛው ወገን ውዳሴ ማርያምና መዝሙረ ዳዊት፣ በሁለተኛው ያለፉት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ከነመልሳቸው፣ በሦስተኛው ደግሞ ሽፋናቸው ላይ ተራራ ጫፍ የቆመ ሰው ወይም የምትወጣ ፀሐይ የተሣለባቸው፣ ስለ ስኬት፣ ስለ ሀብትና ስለ ቆራጥነት የሚናገሩ የትርጉም መጻሕፍት ይገኛሉ። አነቃቂ መጻሕፍት ይሏቸዋል። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ለምሳ የያዙትን ገንዘብ ከፍለው ሲገዙ የማያቸው እነዚህኑ ሦስተኞቹን ነው።

በ2015 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ ይህ ገበያ እጅግ ደርቶ ነበር። ምክንያቱም አላስቸገረንም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 19 ቀን ተነገረ፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። በመቶ ሲሰላ 3.3 ብቻ መሆኑ ነው። ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ይህ ወሬ ሲሰማ በእኔ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ለሐምሌው ፈተና ስድስት ወር ያህል ብቻ የቀራቸው ነበሩ። ሰው እንዲህ ያለ ቍጥር ሲነገረው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ደብተሩን ይዘጋል፣ ወይ ተስፋ የሚሸጥለትን ይፈልጋል። የእኔዎቹ፣ ይመስገን፣ ሁለተኛውን መረጡ።

አንዱ ተማሪ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን በብብቱ ሥር ይዞ ወደ መምህራን ክፍል መጣ። «መምህር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ሌላው ሲነቃ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀዋል ይላል። ብቻዬን ሞክሬ አልሆነልኝም። አብረን ብንሞክረውስ?» አለኝ። ወዴት እንሂድ ብለው «ጋፋት» አለ። እኔም ታሪክ አስተማሪ ነኝና ጋፋት ሲባል እንቢ ለማለት አንጀቴ አልቻለም።

እንግዲህ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ዐሥራ አራት ተማሪዎችና እኔ ተነሥተን ሄድን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች አገር ናት፤ በየካቲት ሌሊት ብርዷ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው በወሬ አይገባውም። የጋቢ ያለው ጋቢውን፣ የሌለው የወንድሙን ካፖርት ተከናንቦ፣ ስንቃችን ዳቦና የገብስ ቆሎ፣ መብራታችን የስልክ ባትሪ ነበር። ውሾቹ ከግቢ ግቢ እየተቀባበሉ ሸኙን። ከከተማው ወጥተን ባሕር ዛፉን እንዳለፍን አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ተገናኙን።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ! ምን ጠፍቶባችሁ ነው በዚህ ሌሊት?» አሉ።

«ፀሐይ ስትወጣ ልናይ ነው አባባ» አላቸው አንዱ።

«ፀሐይዋስ እቤታችሁ ድረስ ትመጣ የለም እንዴ?» ብለው አህያቸውን ቸብ አድርገው አለፉ። እስከ ጋፋት ድረስ ስንስቅ ሄድን።

ጋፋት ዛሬ ላየው ሰው ጉብታና ማሳ ነው። ዳሩ ግን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የብረት መዶሻ ድምፅ የማይቋረጥበት የእጅ ሥራ መንደር ነበር። ከስዊስ አገር፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪስኮና ትምህርት ቤት የመጡት ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ጓደኞቻቸው በዚሁ ሰፍረው ይኖሩ ነበር። የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነው፤ እጃቸውም ሥራ ያውቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ መሥራት አንችልም ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውና ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሚገመተው ታላቁ መድፍ በዚሁ ስፍራ ፈሰሰ።

ከጉና ጀርባ ሰማዩ ሲቀላ ይህንን ነበር የምነግራቸው። የጉና ተራራ ከፍታው ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ብርሃኑ መጀመሪያ ጫፉን ይነካና ከዚያ በኋላ ቍልቍል እንደሚፈስ ውኃ ወደ ማሳው ይመጣል። ልጆቹ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ጥቂት ዝም አልሁ፤ ከፀሐይ ጋር የሚወዳደር አስተማሪ የለምና።

ባለ መጽሐፉ ልጅ ግን ነገሩ ሞቆታል። «ይኸው መምህር! መጽሐፉ የሚለውስ ይህንን አይደል? የቆረጠ ሰው መድፍም ይሠራል» አለ። ከዚያም ገጽ ገልጦ በሌሊት ስለሚነሡ ባለጸጎች የሚናገረውን ክፍል ጮክ ብሎ አነበበልን። አነባበቡ ደግ ነበር።

ሲጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከፋርጣ ገጠር መጥታ በከተማው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትማር ናት። ዓርብ ማታ በእግሯ ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች፤ እሑድ ሽሮዋን፣ በሶዋንና እንጀራዋን ተሸክማ ትመለሳለች። «እናቴ ከዚህም ሰዓት በፊት ትነሣለች» አለች። «ውኃ ቀድታ፣ ፈጭታ፣ ጋግራ፣ አባቴን ወደ እርሻ ስትሸኝ ገና አልነጋም። ይህንን የምታደርገው እኔ ሳልወለድ ጀምራ ነው። ታዲያ ምነው ባለጸጋ አልሆነች?»

ማንም አልሳቀም። ልጁ መጽሐፉን አገላበጠ፤ መልሱን በሚቀጥለው ምዕራፍ የሚያገኘው ይመስል ነበር።

እርሷ ግን አልጨረሰችም። «መድፉንስ ቢሆን የቆረጠው ማነው? ንጉሡ ናቸው ወይስ የጎተቱት?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ በፈተና የማይወጣ ጥያቄ ነው፤ ሊወጣ ግን ይገባው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው ነበር። መንገድ አልነበረም። ጭፍራውና ባላገሩ ገደሉን እየናደ፣ ድንጋዩን እየፈነቀለ፣ በጠፍር እየሳበ፣ ያንን መድፍ በስድስት ወር መቅደላ አደረሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሰዎቹ ጋር ሲሠሩ በዚያ የነበሩ ፈረንጆች አይተው ጽፈዋል። መድፉ በመጋቢት ወር ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው ተራራ ላይ ነው። ታሪኩ በብዛት የሚያነሣው የንጉሡንና የፈረንጆቹን ስም እንደሆነ ነገርኋት። «እንግዲያውስ መጽሐፉ ልክ ነው፤ የሚያሸንፈው ስሙ የተጻፈለት ነው» አለች። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ሲገጥም መምህር የወር ደመወዙን ይረሳል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ አነቃቂ መጻሕፍትን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የዘር ሐረጋቸውን ለማየት ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም.፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ ሳሙኤል ስማይልስ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሰው ራሱን ስለሚረዳ ሰው የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። በዛሬው ገበያ ላለው ለዚህ ሁሉ መጽሐፍ አያቱ እርሱ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። በውስጡ ከሚገኙት ታሪኮች አንዱ ፓሊሲ ስለተባለው የፈረንሳይ ሸክላ ሠሪ ነው፤ ምድጃው እንዳይጠፋበት ጠረጴዛውንና የቤቱን ወለል ሳንቃ እየነቀለ አነደደ፤ በመጨረሻም የፈለገውን ነጭ ቀለም አገኘ። ግሩም ታሪክ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛውን አንድዶ፣ ወለሉን አንድዶ፣ ቀለሙንም ሳያገኝ የሞተ ሸክላ ሠሪ ቢኖር ማን ይጽፍለታል? የአነቃቂ መጻሕፍት ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። ያለፉትን 30 ሺህ እያናገሩ የወደቁትን 870 ሺህ ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

የስማይልስ መጽሐፍ አወጣጥ ደግሞ ከመጽሐፉ ይበልጥ ይማርካል። በሊድስ ከተማ ጥቂት ወጣት ሠራተኞች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ፣ የሚያውቅ የማያውቀውን ማንበብና ሒሳብ ያስተምር ነበር። ቍጥራቸው ሲበዛ ቀድሞ የኮሌራ ሕሙማን ይተኙበት የነበረ፣ ሰው የማይፈልገውን አሮጌ ቤት ተከራዩ። ስማይልስን መጥተህ ንገረን ያሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ መጽሐፉም ከዚያ ንግግር ተወለደ። ቤቱና መብራቱ ቀደሙ፤ ምክሩ ተከተለ። ይኸው መጽሐፍ በ1871 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ወደ ጃፓንኛ ተመልሶ እጅግ ብዙ ሰው አነበበው። የእኛው ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ ሲያወጡ ዐይናቸውን የጣሉት በዚያው ሕዝብ የትምህርት ትጋት ላይ ነበር።

በአገራችንም ምክር የሚሰጥ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» በተባለው ሥራቸው አጫጭር የምክር ቃሎችን ሰብስበዋል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን አሳትመዋል። ከሁሉ በላይ ግን በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር ከሩቅ አገር የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ አስቡ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል፤ ሌሊት ይነሣል፣ ቀለሙን ይቀጽላል። በሌሊት ስለ መነሣት መጽሐፍ አላነበበም። የሚያነሡት የኔታ ናቸው፣ አጠገቡ የተኛው ጓደኛው ነው፣ ነገ የሚቀበለው ቀለም ነው። ብቻውን የሚነሣ የለም።

ወደ ጋፋቱ ጧት ልመለስና፣ ዳቦው ሲቈረስ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ልጅቱ ሌሊት መነሣት የጀመረችው ለስኬት ብላ እንዳልሆነ ነገረችን፤ አከራይዋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን መብራቱን ከቈጣሪው ያጠፉታል። የፊዚክስ መጽሐፉ ደግሞ ለሦስት አንድ ነው፤ እርሷ የሚደርሳት ሁለቱ ሲተኙ ነው። ሌሎቹም እየተቀባበሉ የየራሳቸውን ነገሩን። ከዐሥራ አራቱ ዘጠኙ በኪራይ ቤት የሚኖሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አብዛኞቹም ችግራቸው የመብራት ነበር። አምስት ወር ሙሉ ቆራጥ ሁኑ እያልን ስንመክራቸው የቸገራቸው አምፖል ኖሯል።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ አንድ ክፍል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፈተ። ቍልፉን ለማግኘት ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ፤ ዘበኛው ግን ጋሼ እያልሁ ስለማናግራቸው ነው መሰለኝ፣ ከሁሉ ቀድመው ተባበሩኝ። ከየቤታችን ያሰባሰብናቸውን 23 መጻሕፍት በአንድ የለስላሳ ሣጥን አስቀመጥን። ውሰትም በደብተር ይመዘገብ ጀመር። መጀመሪያ 14 የነበሩት በመጋቢት 40 ሆኑ፤ የሚያውቀው የማያውቀውን ያስረዳል፣ እኔ ከጥግ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ።

በሐምሌ ተፈተኑ። በአገሩ ሁሉ ያለፈው 3.2 ከመቶ ነበር። ከእኛ ዐሥራ አራቱ ሦስቱ አለፉ፤ አምስቱ ደግሞ የማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ ዩኒቨርሲቲ ተጠሩ፤ ልጅቱ ከነዚህ አንዷ ናት፣ ማካካሻውን ጨርሳ ትምህርቷን ቀጠለች። የቀሩት ስድስቱ ወደየሥራቸው ተበተኑ። በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ በብዙ ስፍራ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የእኛም የጧት ክፍል ሳይከፈት ሰነበተ።

የውሰት ደብተሩ አሁንም በእኔ ዘንድ ነው። ብዙ ጊዜ የተዋሱት ያለፉት ዓመታት የሒሳብ ፈተና ነው፣ 61 ጊዜ። ቀጥሎ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 19 ጊዜ፤ ለፈተና እንደማይጠቅም እያወቁ። በሌሊት ስለ መነሣት የሚናገረው መጽሐፍ አራት ጊዜ ተውሷል፤ አራተኛው ተዋሽ ባለቤቱ ራሱ ሲሆን አልመለሰውም። እርሱ አሁን ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ሊጥ ለማቡካት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣል።