የበዓል ወረፋና የልጅ ልጆቻችን

በዓል ሲቃረብ የልጅ ልጆች ጥያቄ አንድ ነው፤ «መጫወቻ ቦታ መቼ ነው የምንሄደው?» ለበዓል ከአሶሳ ተነሥተን አዲስ አበባ ልጆቻችን ዘንድ የምንሄድ አያቶች ይህን ጥያቄ አሳምረን እናውቀዋለን። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ወቅቱ የፋሲካ ከሆነ ማንጎ በካርቶን ይዘን ስንደርስ፣ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ይከቡናል። ቦራ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ እያሉ ይዘረዝራሉ። እምቢ ማለት አይቻልም። ችግሩ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት፣ የከተማው ልጅ ሁሉ አያቱን ይዞ እዚያው መገኘቱ ነው።

እኔ ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ የልጆች የበዓል መዝናኛ ማለት አንበሳ ግቢ ነበር። ስድስት ኪሎ ያለው ይህ ግቢ በ1940 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው። ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አንበሳ ያያል፣ ብስኩቱን ይበላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ኤድና ሞል ተከፍቶ ሕንፃ ውስጥ የሚሽከረከር መጫወቻ አየን። በመስከረም 2012 አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ተከተሉ። ምርጫው በዛ፤ የበዓል ወረፋው ግን ያው ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰፈሩ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ከመድኃኒት ይልቅ ያየሁት ሰልፍ ይበዛል ብል ማጋነን አይሆንም። የክትባት ቀን ትዝ ይለኛል። እናቶች ቤታቸውን ጠርገው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ልክ 3 ሰዓት ሲሆን ሁሉም በአንድ ላይ ይደርሳሉ። እስከ 5 ሰዓት ግቢው የልጅ ለቅሶ ብቻ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ እኛ ነርሶች ባዶ ጠረጴዛ ይዘን ዝንብ እናባርራለን። የእናቶቹ ቁጥር ከአቅማችን በላይ ሆኖ አያውቅም ነበር። ቀበሌዎቹን ለጠዋትና ለከሰዓት ስንከፍላቸው ያ ሁሉ ሰልፍ ጠፋ። ነርስ አልተጨመረ፣ መርፌ አልተጨመረ።

ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪ ወረፋን በሒሳብ ማስላት ጀምሮ ነበር። ከእሱ ወዲህ የዳበረው ትምህርት የሚነግረን ነገር ለማንም እናት ግልጽ ነው፤ አገልግሎቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትንሽ ሰው ቢጨመር ሰልፉ በጥቂት አይረዝምም፣ በብዙ ነው የሚረዝመው። እንዲሁም ከጥድፊያው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሰው ከወረፋው አብዛኛውን ያመልጣል።

እንግዲህ የጥድፊያው ሰዓት መቼ ነው? ይህ እንደ በዓሉ ይለያያል። በገናና በፋሲካ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ ቤተሰብ ጠዋት ይገድፋል፣ ይተኛል፣ ምሳ ላይ እንግዳ ይቀበላል። ልጆቹ ልብሳቸውን ለብሰው የሚወጡት ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። እኔ እንዳየሁት 9 ሰዓት ላይ መግቢያ በር አይጣልበትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ያላደረ አንድ ሰው፣ አያትም ቢሆን አክስት፣ ልጆቹን ጠዋት ይዞ ቢወጣ እስከ ምሳ ተጫውተው ይመለሳሉ። በሩ በዓል ዕለት ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ግን ከዋዜማው ደውሎ መጠየቅ ነው። ዒድ ሲሆን ጠዋት ስታዲየም ዙሪያ ለሶላት መንገድ ይዘጋል፤ ከሰዓቱ ይጨናነቃል፤ ማግስቱም ቢሆን ገና በዓል ነው። የመስከረም 16 ደመራ መስቀል አደባባይን፣ የጥር 10 ከተራና የጥር 11 ጥምቀት ጃን ሜዳን ይዘው የመሐል ከተማውን መንገድ ያዘጋሉ። በእነዚህ ቀናት ከፓርኩ ወረፋ የታክሲው ይብሳል። በሠርግ ወራት እሑድን ብትተዉት ጥሩ ነው። ሙሽራና ሚዜ ፎቶ ሊነሡ አሥር መኪና አሰልፈው ሲመጡ የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ መተላለፍ ፈተና ነው።

በእኔ ቤት ልማዱ ሌላ ነው። በዓሉን ቤት እንውላለን፤ መጫወቻ ቦታ የምንሄደው በሦስተኛው ቀን፣ አዋቂ ሁሉ ሥራ ሲገባና ትምህርት ገና ሳይከፈት ነው። ትልልቆቹ መጀመሪያ ያኮርፋሉ። ትንሹ ግን ቀን አይቆጥርም፤ «በዓሉ ዛሬ ነው» ካሉት ዛሬ ነው። ሁዳዴና ረመዳንም ጸጥ ያሉ ወራት ናቸው፤ በ2017ም በ2018ም ሁለቱ ተገጣጥመው ነበር። ልጆች አይጾሙም፤ ስለዚህ በጾም ወቅት በሥራ ቀን ከሰዓት ይዞ መውጣትን ማንም አይከለክልም።

ደግሞም ወረፋ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ቁጠሩ። ይህን የምለው ከልምድ ነው። አንድ የሚሽከረከር መጫወቻ 20 ልጅ ይይዛል እንበል። ሰዓታችሁን አይታችሁ ልጆች ተሳፍረው፣ ዞረው፣ ወርደው ሌሎች እስኪሳፈሩ 6 ደቂቃ ከፈጀ፣ በሰዓት 200 ልጅ ያስተናግዳል ማለት ነው። ከፊታችሁ 100 ልጅ ካለ ግማሽ ሰዓት ትቆማላችሁ። ሰልፉ አስፈሪ ቢመስልም ይራመዳል። በአንጻሩ ፈረስ ግልቢያ ላይ የቆሙት 15 ልጆች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱን አውርዶ ሌላውን አሳፍሮ ለመዞር 5 ደቂቃ ከፈጀና ፈረሱ አንድ ከሆነ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። እንጦጦ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የመንሸራተቻውም ነገር እንዲሁ ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ በአንድ የሚያስተናግደውን ጠዋት በሩ እንደተከፈተ መጨረስ፣ ብዙ የሚይዘውን ለከሰዓት መተው ይበጃል። ብዙ ቦታ የቲኬትና የመጫወቻው ወረፋ ለየብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ ሄጄበት በነበረ መዝናኛ ቦታ ይህን የሚነግር ሰው አልነበረም፤ አርባ ደቂቃ ቆመን መጫወቻው ጋ ስንደርስ «ቲኬትስ?» ተባልን። ከዚያ ወዲህ ስገባ መጀመሪያ ጥበቃውን እጠይቃለሁ። በቴሌብር የሚያስከፍሉ ከሆነማ የአንዱ ወረፋ ጣጣ ቀረ።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨንቀዋል። ዲዝኒ የሚባለው የመዝናኛ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ዘዴ አመጣ፤ ጎብኚው የሚመለስበት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይወስድና ሰዓቱ እስኪደርስ ሌላ ቦታ ይዞራል። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። እኛ ሰፈር ውሃ ስትጠፋ ቦኖ ላይ የሚሰለፈው ማን ነው? ጀሪካኑ! ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጫወታል፤ ተራው ሲደርስ ጀሪካኑን ያነሣል። ታዲያ ጀሪካን ማሰለፍ የምናውቅ ሰዎች በበዓል ቀን ልጅ ፀሐይ ላይ እናቆማለን?

በእኛም ከተማ በበዓል ሰሞን በአየር የሚነፋ መዝለያ የሚተክሉ ወጣቶች አሉ። ባለፈው በዓል አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሰልፉ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ቁርሷን በጉጉት ትታ የመጣች ነች፤ ውሃም አልጠጣችም። ጥላ ሥር አስተኝተን እግሯን ከፍ አድርገን፣ ስትነቃ ውሃና ስኳር ያለው ሻይ ሰጥተናት ደህና ሆነች። ከዚያ ወጣቶቹን ጠርቼ ከደብተር ወረቀት ቀደን ከ1 እስከ 150 ቁጥር ጻፍን፤ ለየልጁ አደልን። በየአሥሩ ቁጥር እየተጠራ ገባ። ወላጆች ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ወጣቶቹም ተጠቀሙ፤ የተቀመጠ ወላጅ ለስላሳ ይገዛል።

ወረፋው ግድ ከሆነ፣ ልጆቹ መቆሙን እንዳያስቡት ማድረግ ይቻላል። ዴቪድ ማይስተር የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና በጻፈው ላይ ሥራ የያዘ ሰው ጊዜው ያጥርበታል ይላል። ለዚህ ስልክ ከማቀበል እንቆቅልሽ ይሻላል። «እንቆቅልሽ» ስትሉ ከኋላና ከፊት የቆሙ ልጆች ሁሉ «ምን አውቅልሽ» እያሉ ይሰበሰባሉ፤ አገር መስጠቱ ሲጀመር ሰልፉ ይረሳል።

አንድ ነገር ግን አልወድም። ሽበታችንን ያዩ ሰዎች «እናታችን ይለፉ» ይላሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይህን ያወቁ ወላጆች አያትን እንደ ይለፍ ወረቀት ከፊት አስቀድመው አምስት ልጅ ከኋላ ያስገባሉ። ወንበር ቢሰጠኝ በደስታ እቀመጣለሁ፤ ጉልበቴ ያውቀዋል። የሌላ ልጅ ተራ ግን አልወስድም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሽንት ቤት ከሰልፉ በፊት ነው። «አልመጣብኝም» የሚል ልጅ መሐል ሲደርስ ይመጣበታል። ዶሮ ወጥ በልቶ ወዲያው የሚሽከረከር ነገር ላይ የወጣ ልጅ የት እንደሚያስመልስ መናገር አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ስኳር ያለብን አያቶች ምሳ በሰዓቱ መብላት አለብን፤ ወረፋ ሰዓት አያከብርም። ቦርሳችን ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ ላብ ላብ ካለን፣ እጃችን ከተንቀጠቀጠ ወዲያው እንብላ። የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ፣ ነፍሰ ጡር እናትም፣ በፍጥነት በሚዞረውና በሚናወጠው ላይ አይውጡ። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ስትሆን እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። የእኛ ልጆች እዚያ ሲሮጡ ቶሎ ይተነፍሳሉ፣ ይበርዳቸዋል፤ ሹራብ ያዙላቸው፣ ሩጫውንም ቀስ ይበሉ።

ስለ ልብስ ደጋግሜ እናገራለሁ። የነጠላ ጥለትና ዘርፍ፣ ረጅም የሐበሻ ቀሚስ፣ የሴት ልጆች ረጅም ሻርፕ የሚሽከረከር ነገር ላይ አደገኛ ናቸው። ኢሳዶራ ደንከን የተባለችው የታወቀች ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1927 የሞተችው የአንገት ልብሷ የመኪና ጎማ ላይ ተጠምጥሞ ነው። መጫወቻ ላይ ሲወጡ ነጠላው ይውለቅ፤ ሻርፑ ተጠቅልሎ ልብስ ውስጥ ይግባ። የበዓል ልብስ ሌላም ጣጣ አለው፤ ልጆቹ ሁሉ ነጭ ስለሚለብሱ ከሩቅ መለየት አይቻልም። እኔ የእኛዎቹን ክንድ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ አስርላቸዋለሁ። የእናታቸውን ስልክ ቁጥር ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ፎቶ እናነሣቸዋለን፤ ልጅ ሲጠፋ ምን ለብሶ እንደነበር የሚያስታውስ ወላጅ ጥቂት ነው። ከጠፋም ባለበት ቆሞ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃን ወይም ልጅ የያዘች እናትን እንዲጠራ ቤት እያለን እናለማምደዋለን።

የመጨረሻው ጉዳይ በተለይ ከእኛ ክልል ለሚጓዙ ነው። ወባ በአካባቢያችን ከዝናቡ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ይበረታል፤ የእንቁጣጣሽና የመስቀል ጉዞም በዚያው ወቅት ነው። ትንኝ አሶሳ የነደፈችው ልጅ ትኩሳቱ የሚጀምረው ከአንድ ሳምንት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም አዲስ አበባ መጫወቻ ቦታ ሰልፍ ላይ። ያኔ «ፀሐይ መትቶት ነው»፣ «ደክሞት ነው» ይባላል። ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ወረፋው መመለስ አይሆንም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ካለ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ወባን አስቀድሞ ላያስብ ስለሚችል «ከአሶሳ ነው የመጣነው፤ ወባ ይታይልን» በሉ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል፤ በፈጣን መመርመሪያው ከሆነ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል።